ማዳመጥን የማይቆጥር ቆጣሪ፦ ከቤታቸው ሆነው ስለሚሠሩ ነርሶችና ስለ ኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ነርስነትን እዚሁ አዲስ አበባ ተምራና ጥቂት ዓመታት አገልግላ ከሄደች በኋላ፣ በዚያ አገር የሚጠየቀውን የሙያ ፈቃድ ፈተና አልፋ ለብዙ ዓመታት በሆስፒታል ውስጥ ሠርታለች። ሕሙማንን ሲያነሡና ሲያገላብጡ መዋል የወገብ ሕመም ሲያተርፍላት ጊዜ፣ ከቤት ሆኖ በስልክና በኮምፒዩተር ወደሚከናወን የነርስነት ሥራ ተዛወረች። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጥታ ቡና እየጠጣን ስለ አዲሱ ሥራዋ ስጠይቃት ያጫወተችኝ ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ።

«አንድ ሌሊት የስድስት ወር ሕፃን የታቀፈች እናት ደወለች» አለችኝ። «ልጇ እንደ ወትሮው እየተነፈሰ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ስልኩን ወደ ልጁ አፍ አስጠግታ እንድትይዝልኝ ለመንኋትና እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ማዳመጥ ጀመርሁ። ትንፋሹን ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ። አምቡላንስ እንድትጠራ አድርጌ፣ እስኪደርስላት ድረስ ከመስመሩ ሳልወጣ አብሬያት ቆየሁ። በማግሥቱ ከአለቃዬ መልእክት ደረሰኝ። ስለ ሕፃኑ አንድም ቃል የለበትም። በዚያ ሰዓት ለአሥራ አራት ደቂቃ ‹ሥራ ፈት› ሆነሽ ተገኝተሻልና ምክንያትሽን አስረጂ የሚል ነበር።»

የስልኩ መዝገብ እያነጋገረች እንደነበር አያሳይም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ያሳያል እንጂ፤ ግን ወንድሜ፣ የስልኩ ፕሮግራም ሌላ፣ ቆጣሪው ሌላ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም» አለችኝ። ምክንያቷን የምትሞላበት ቅጽ ደግሞ ስብሰባ፣ ዕረፍትና የቴክኒክ ችግር የሚሉ ምርጫዎች ብቻ ነበሩት። በሽተኛ ማዳመጥ የሚል ምርጫ ስላላገኘች «የቴክኒክ ችግር» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ጉዳዩ የአንዲት ሴት ቅሬታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ ባልተሻማሁበት ነበር። ነገር ግን እየሰፋ የሄደ አሠራር ነው፤ በውስጡም የመለካት ሣይንስ ጥያቄ፣ የሕሙማን ደኅንነት ጥያቄና የሰው ልጅ የግል ሕይወት ጥያቄ ተያይዘው ይገኛሉ።

ነርስ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው መርፌ የምትወጋ፣ ቁስል የምታጥብ፣ የበሽተኛ ሙቀት የምትለካ ባለሙያ ነች። ሆኖም በአሜሪካ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ነርሶች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በሽተኛውን በዓይናቸው ሳያዩ ነው። ከፊሎቹ በስልክ የሚደውል ሕመምተኛ ቤቱ ሊያርፍ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ወይስ በዚያው ቅጽበት አምቡላንስ ሊጠራ እንደሚገባው ይለያሉ። ከፊሎቹ ስኳርና የልብ ድካም የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ያሉባቸውን ሰዎች እየደወሉ ይከታተላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሕክምና መዝገብ እያነበቡ የተጠየቀው ሕክምና ተገቢ መሆን አለመሆኑን ይመዝናሉ። ይህ ዓይነቱ ሥራ ከኮቪድ-19 በፊትም የነበረ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ለእኛም አገር ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ስለ ኤች አይ ቪ ምክር ይሰጥበት የነበረውን ወገን የተባለ የ952 የስልክ መስመር፣ እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ አገር ሁሉ ይደውልበት የነበረውን 8335 የማያስታውስ ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ቆጣሪው እንዴት ይሠራል? አሠራሩ ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። ዊንዶውስን የመሰለ ሥርዓተ ክወና፣ ቁልፍ በተነካ ወይም ማውዝ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያንን ቅጽበት ይይዛል። ተቆጣጣሪው ፕሮግራም በየጥቂት ሴኮንዱ ይህን ቁጥር ከወቅቱ ሰዓት ላይ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ አስቀድሞ ከተወሰነ ገደብ፣ ለምሳሌ ከአምስት ደቂቃ፣ ካለፈ ሠራተኛው «ሥራ ፈት» ተብሎ ይመዘገባል። የሁለተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሣይንስ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጽፎ ሊጨርሰው ይችላል። ከዚህ ረቀቅ ያሉት ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው የስክሪኑን ምስል ያነሣሉ፤ የተከፈቱ ድረ ገጾችን ይመዘግባሉ፤ አንዳንዶቹም በኮምፒዩተሩ ካሜራ የሠራተኛውን ፊት ይመለከታሉ።

በቤተ ሙከራ የሠራ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማንኛውም መሣሪያ የሚለካው እሱን ራሱን የሚነካውን ነገር ብቻ ነው። ቴርሞሜትርን እንውሰድ። ነገሩን በጥንቃቄ ከተናገርን ቴርሞሜትር የሚለካው የራሱን ሙቀት ነው። ንባቡን የበሽተኛው ሙቀት ነው ብለን የምንቀበለው፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ብብት ሥር ስላቆየነው ነው። ቶሎ ብናወጣው መሣሪያው ምንም ሳይበላሽ ውሸት ይነግረናል። የኪቦርድ ቆጣሪም እንዲሁ የሚለካው የቁልፍ መነካትን ነው። ሥራው ጽሑፍ መተየብ ብቻ የሆነ ሰው ዘንድ የቁልፍ መነካትና ሥራ ተቀራራቢ ናቸውና ንባቡ ከእውነት ብዙም አይርቅም። የስልክ ነርስ ሥራ ዋነኛው ክፍል ግን የሚከናወነው በጆሮ ነው። ደረቱን ያመመው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ መቻሉን፣ እናቲቱ ስለ ልጇ ስታወራ ድምፅዋ መንቀጥቀጡን፣ ሽማግሌው ጥያቄውን ሰምተው ለመመለስ ከወትሮው በላይ መዘግየታቸውን የምትገነዘበው ዝም ብላ ስትሰማ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በቁልፍ መነካት መመዘን የመምህርን ትጋት በጨረሰው ጠመኔ ብዛት ከመለካት አይለይም።

ስሕተቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሆን እንኳ ይቻል ነበር። ትጉዋን ሥራ ፈት የሚለው ይኸው ቆጣሪ፣ ሥራ ፈቱን ደግሞ ትጉ ይለዋል። ማውዝን በየጊዜው ነቅነቅ የሚያደርጉ ትንንሽ መሣሪያዎች በገበያ ላይ በርካሽ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ከአሥር የሚበልጡ ሠራተኞቹን ያሰናበተው በዚሁ ምክንያት፣ የኪቦርድ እንቅስቃሴ አስመስላችሁ ፈጥራችኋል በሚል ነበር። ተለኪው በቀላሉ የሚያታልለውን መለኪያ አንድ የፊዚክስ መምህር ለተማሪዎቹ ቢያቀርብ ምን እንደሚባል አንባቢ ይገምተው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ስለዚህ ጉዳይ ሰፊ ምርመራ አትሞ ነበር። በዘገባው መሠረት፣ ዩናይትድኸልዝ ግሩፕ በተባለው ታላቅ የጤና ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች የሱስ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎችን ፊት ለፊት እያማከሩ ሳለ፣ ኪቦርድ ስላልነኩ ሥራ ፈት ተብለው ተመዝግበዋል። በዚያው ዘገባ ከተነገረው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን በሚኒሶታ ግዛት፣ አላይና ኸልዝ በሚባል ድርጅት ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሕሙማንን የሚያጽናኑ የሃይማኖት አገልጋዮች ጉዳይ ነው። ሥራቸው ሁሉ በነጥብ ተተምኖ ነበር። የሚሞትን ሰው መጎብኘት አንድ ነጥብ፣ ቀብር ላይ መገኘት አንድ ከሦስት ሩብ፣ ላዘነ ቤተሰብ ስልክ መደወል ሩብ ነጥብ። ለቅሶ መድረስን ከግዴታዎች ሁሉ በላይ አድርጎ በሚያይ ኅብረተሰብ ውስጥ ላደግን ለእኛ፣ ይህን የሰንጠረዥ ክፍልፋይ ማንበብ ብቻውን ሰውነትን ያቀዘቅዛል።

ቁጥጥር ሠራተኛን ያተጋል የሚለው ሐሳብ ለብዙዎች ግልጽ እውነት ይመስላል። ሣይንሱ ግን ነገሩን ያን ያህል ቀላል አያደርገውም። ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሌሎች መኖር በሚገባ የለመድነውን ቀላል ሥራ እንደሚያቀላጥፍ፣ ገና ማሰብ የሚጠይቀውን ውስብስብ ሥራ ግን እንደሚያሰናክል ተከራከረ። በ1969 ከባልደረቦቹ ጋር ሐሳቡን የፈተነው፣ የሚያስቅ ቢመስልም፣ በበረሮዎች ነው። ከብርሃን የሚሸሹ በረሮዎች ሌሎች በረሮዎች «እየተመለከቷቸው» ቀጥ ባለ መንገድ ሲሮጡ ፈጠኑ፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ዘገዩ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2020 በሌሎች ተመራማሪዎች ሲደገም የማፍጠኑ ውጤት አልታየም፤ የማዘግየቱ ግን ታየ። በእርግጥ ነርስ በረሮ አይደለችም፤ ከነፍሳት ወደ ሰው ዘሎ መደምደምም አይገባም። ስለ ሰዎች የምንፈልገውን ማስረጃ በተመለከተ፣ ዳንኤል ራቪድና ባልደረቦቹ ስለ ኤሌክትሮኒክ የሥራ ቁጥጥር የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው በመተንተን እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አሳትመዋል። ቁጥጥሩ ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ትስስር ከዜሮ የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ከሠራተኞች ጭንቀት ጋር ግን፣ መጠኑ ትልቅ ባይሆንም፣ አብሮ የሚጨምር ሆነ። ለመድኃኒት ብናመሳስለው፣ በሽታውን የማያድን ነገር ግን የጎንዮሽ ጉዳት ያለው መድኃኒት ማለት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ፈቃድ አያገኝም።

ጭንቀቱ ደግሞ ነርሷ ዘንድ ብቻ አይቀርም። የአክስቴ ልጅ ከዚያች ሌሊት በኋላ ምን እንደተለወጠ ስጠይቃት፣ «አሁን እያዳመጥሁ በግራ እጄ ማውዙን አንቀሳቅሳለሁ» አለችኝ። የሐሳቧ አንድ ክፍል ቆጣሪውን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ሕመምተኛ ግማሽ ጆሮ እንደተሰጠው አያውቅም።

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ወገን ማድመጥ ይገባል፤ ክርክሩም ከባድ ነው። ነርሷ የምትሠራው ከሕሙማን ምሥጢር ጋር ነው። ማንም ሳያያት ከቤቷ ሆና የጎረቤቷን ወይም የአንድን ዝነኛ ሰው መዝገብ ብትከፍትስ? ይህ ምናባዊ ሥጋት አይደለም። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሥርዓት፣ ሠራተኞቹ የታዋቂ ሰዎችን መዝገብ ያለ አግባብ ሲመለከቱ በመገኘታቸው ለቀረበበት ክስ እ.ኤ.አ. በ2011 የ865,500 ዶላር ክፍያ ፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ሕግና የተከተሉት ደንቦች፣ የሕሙማን መዝገብ በማንና መቼ እንደተከፈተ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ ዱካ እንዲያዝ የሚያስገድዱትም ስለዚህ ነው። የስልክ ንግግር መቀዳትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ነርሷን ራሷን ይጠቅማታል፤ «አምቡላንስ ጥሪ አላለችኝም» የሚል ክስ ቢመጣ ምስክሯ ቅጂው ነው። ደግሞም አሠሪ ደመወዝ ለሚከፍልበት ሰዓት ሥራ መሠራቱን የማወቅ መብት አለው። ይህን የሚክድ ሰው ደመወዝ ከፍሎ የማያውቅ መሆን አለበት።

በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ያለው ቁጥጥሩ በሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። «ይህን መዝገብ ማን ነካው? ለምንስ ነካው?» የሚለው ጥያቄ ዓይኑን የሚያሳርፈው በሕመምተኛው ንብረት ላይ ሲሆን፣ የሚጠብቀውም እሱኑ ነው። «የነርሷ ጣት በዚህች ደቂቃ ምን እያደረገ ነው? ፊቷስ ወዴት ዞሯል?» የሚለው ጥያቄ ግን ለሕመምተኛው አንዳችም ጥበቃ አይሰጠውም። ሁለቱ በአንድ ፕሮግራም ተጠቅልለው፣ በአንድ ፊርማ የሚጸድቁ መሆናቸው ነው ነገሩን ያደበዘዘው። የመጀመሪያው ግዴታ የሁለተኛው መግቢያ በር ሆነ።

ይባስ ብሎ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊያፈርሰው ይችላል። ነርሷ የአንድን ሰው የምርመራ ውጤት እያነበበች ሳለ ተቆጣጣሪው ፕሮግራም የስክሪኗን ምስል ካነሣ፣ የበሽተኛው ምሥጢር ከሆስፒታሉ መዝገብ ወጥቶ የቁጥጥር ኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ በሥዕል መልክ ይቀመጣል። እዚያ ማን እንደሚያየው የሚናገር የሕክምና ዱካ የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ወርክኮምፖዘር የተባለ የሠራተኞች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ያነሣቸው ከ21 ሚሊዮን በላይ የስክሪን ምስሎች ያለ ምንም ቁልፍ በኢንተርኔት ላይ ተዘርግተው መገኘታቸውን ሳይበርኒውስ የተባለ የዜና ተቋም ተመራማሪዎች ይፋ አድርገዋል። የቢሮ ሥራ ምስል ሲፈስ አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ሰው የደም ምርመራ ውጤት ቢሆንስ?

ቤትን በተመለከተም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ሆስፒታል የአሠሪው ግቢ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ካሜራ ቢሰቀል ሠራተኛዋ በሥራ ልብሷ ሆና ታልፍበታለች። ቤቷ ግን የእሷ ብቻ እንኳ አይደለም፤ የባሏ፣ የልጆቿ፣ ለመጠየቅ የመጡ የእናቷ ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች አንድም ውል አልፈረሙም። የኮምፒዩተሩ ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ሲከፈት ግን እነሱም ይመዘገባሉ።

ሕጉ ምን ይላል? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግንኙነቶች ሕግ ለሥራ ጉዳይ ሲሆን ወይም ሠራተኛው ሲፈቅድ ለአሠሪው ሰፊ በር ይከፍታል። የኮነቲከት ግዛት ከ1998 ጀምሮ፣ የኒውዮርክ ግዛት ደግሞ ከግንቦት 2022 ጀምሮ አሠሪዎች የኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚያደርጉ ከሆነ አስቀድመው እንዲያስታውቁ ይጠይቃሉ። ማስታወቅ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የተነገረው ሰው እምቢ የማለት አቅም ከሌለው ማስታወቂያው ጨዋነት ብቻ ይሆናል። የቤት ኪራይ የምትከፍል፣ በየወሩ ለወላጆቿ ገንዘብ የምትልክ ስደተኛ ነርስ «አልፈርምም» ልትል አትችልም። ፊርማዋን ፈቃድ ብሎ መጥራት ቃሉን ማጎሳቆል ነው።

አውሮጳውያን የተለየ መንገድ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮጳ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ በሥራ ሰዓት የግል መልእክት ተጻጽፈሃል ተብሎ ከሥራ በተባረረ አንድ ሩማንያዊ ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ የአሠሪ መመሪያ የሠራተኛን የግል ሕይወት ወደ ዜሮ ሊያወርደው እንደማይችልና ቁጥጥር ከዓላማው ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበት አስገንዝቧል። በ2022 ደግሞ ኔዘርላንድ ውስጥ የቲልቡርግ ከተማ ፍርድ ቤት፣ ካሜራውን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ እንዲሠራ ታዞ እምቢ በማለቱ በአንድ የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ የተሰናበተን ሠራተኛ ጉዳይ ተመልክቶ፣ ትእዛዙ የግል ሕይወትን የሚጥስ መሆኑን በመግለጽ ወደ 75 ሺህ ዩሮ የሚጠጋ ክፍያ ፈርዶለታል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበርና መጠበቅ መብት አድርጎ ይደነግጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣም ጥቂት ዓመታት ብቻ ናቸው፤ አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። የስልክ ጤና ምክርና በኢንተርኔት የሚሰጥ ሕክምና በአገራችን ገና እየሰፋ ያለ በመሆኑ፣ ልማዱ ሳይጠነክር ደንቡን ለማስቀመጥ ጊዜው አመቺ ነው። ከዚህ መጽሔት አንባቢያን መካከል ከፊላችሁ ነርስና ሐኪም ትሆናላችሁ፤ ከፊላችሁ ደግሞ ያንን ቆጣሪ እንድትጽፉ የምትታዘዙት እናንተው ናችሁ። ለውጭ አገር ኩባንያ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚጽፈውም አይጠፋም።

ስለሆነም እንዲህ ያለ ደንብ ቢረቀቅ እንዲካተቱ የምመኛቸውን ልናገር። የሕሙማን መዝገብ ዱካ ያለ ማወላወል ይያዝ። የስልክ ንግግር ቢቀዳ ለሥልጠና፣ ለአቤቱታና ለክርክር ብቻ ይዋል፤ ጊዜው ሲያልፍም ይደምሰስ። የሕሙማን መረጃ የሚታይበትን ስክሪን ምስል ማንሣትና የነርስን ቤት በካሜራ መመልከት ይከልከል። የኪቦርድ እንቅስቃሴ ቁጥር በምንም ዓይነት የነርስ ደመወዝ፣ ዕድገት ወይም ቅጣት መነሻ አይሁን። ነርሷም ስለ እሷ የተመዘገበውን ሁሉ አሠሪዋ በሚያይበት መልኩ ማየት ትችል። ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት ደግሞ አንድ የነርስነት ሙያ ያለው ሰው ያንን የስልክ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አሥራ አራት ደቂቃም ቢሆን፣ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።